የጥንት ገንዘብ ዋጋና ምስክርነት በሐዲያና በከምባታ ከተሞች

በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ የቆየ ገንዘብ ሲገኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ያዘለ ነው። አንደኛው የማዕድኑ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ገንዘቡ ቢቀልጥ በውስጡ ያለው ብር ወይም መዳብ የሚያወጣው ነው። ሁለተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ነው፤ ይኸውም በዓለም ዙሪያ የቆዩ ገንዘቦችን የሚሰበስቡ ሰዎች ለአንዱ ዓይነት ከሌላው አብልጠው የሚከፍሉት ነው። ሦስተኛው የምስክርነት ዋጋ ነው፤ ይኸውም ገንዘቡ በያዙት ሰዎች ኑሮ፣ ንግድና ልማድ ላይ የሚሰጠው ቃል ነው። ሦስቱ አንዳንድ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያሉ፤ እንዲያውም አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ካልታወቀ ባለቤቱ ንብረቱን፣ አገሩም ታሪኩን በከንቱ ያጣል።

ይህ ነገር በሐዲያና በከምባታ አገር በግልጽ ይታያል። ሆሣዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረች፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሐዲያ ዋና ከተማ ናት። ሾኔና ሆመቾ በሐዲያ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ሺንሺቾና ዶዮገና በከምባታ በኩል የሚገኙ የገበያ ከተሞች ናቸው። በእንሰት እርሻና በከብት ሀብት የሚኖረው ይህ ሕዝብ ከአንድ መቶ ዓመት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ብዙ ዓይነት ገንዘብ በእጁ አልፏል። ጠገራ ብር፣ የምኒልክ ብር፣ ማቶኛ፣ ሊሬ፣ ሽልንግና ሳንቲም በየተራ መጥተው በየተራ ሄደዋል። እያንዳንዱም ሲሄድ ጥቂት ቅሪት ትቶ ሄዷል።

የገንዘብ ልማድ ከጠገራ ብር በፊት

ሐዲያ የገንዘብ ታሪኳ የሚጀምረው በጠገራ ብር አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረውና በ1349 በአውሮፓ አቆጣጠር የሞተው ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ ስለ ኢትዮጵያ እስላማዊ መንግሥታት በጻፈው ውስጥ፣ የሐዲያ ሰዎች ሐኩና በሚባል የብረት ቁራጭ ይገበያዩ እንደ ነበር ያመለክታል። የቁራጩ ርዝመት የመርፌ ያህል፣ ስፋቱ ደግሞ የሦስት መርፌ ያህል እንደ ሆነ ይገልጻል። ይህ ብረት የንጉሥ ምስል ወይም ዓመተ ምሕረት አልነበረበትም፤ ሰው የሚቀበለው ለሥራ የሚሆን ብረት በመሆኑና ሌላውም ስለሚቀበለው ነበር።

በሰሜኑ ክፍል የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ አስቀርጸዋል። ከእነዚህ የመጀመሪያው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። ንጉሥ ዔዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ጨረቃና ክብ የነበረበትን ምልክት በመስቀል ለወጠ። ይህ የገንዘብ ሥራ በ7ኛው መቶ ዓመት ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድረስ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል ንግዱ በአሞሌ ጨው፣ በብረት፣ በጨርቅና በሌላም ዕቃ ይካሄድ ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ስለ ነበር፣ አንዱ አሞሌ በሁሉ አገር አንድ ዋጋ አልነበረውም። እንግዲህ የገንዘብ ዋጋ እንደ ቦታው እንደሚለዋወጥ የደቡብ ነጋዴ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ዓመቱ የማይለወጥ ብር

ጠገራ ብር የሚባለው የኦስትርያ እቴጌ የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ስለዚህ በአንዱ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይገኛል። በአንድ ወገን የእቴጌይቱ ምስል፣ በሌላው ወገን ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ቃል ከፍ ብሎ ተቀርጿል። በምስሉ ሥር የሚታዩት ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት ሁለት ፊደላት ሾብልና ፋቢ የተባሉት የገንዘብ መቅረጫ ቤት ሹሞች ምልክት ናቸው።

በዚህ ብር ላይ የሚነበበው ዓመት 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እቴጌይቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ነገር ግን በቀይ ባሕር ዳርቻና በኢትዮጵያ ያሉ ነጋዴዎች ይህን መልክ ስለ ለመዱና ሌላውን ስለማይቀበሉ፣ ከሞቷ በኋላም ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲቀረጽ ኖረ። በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር እንኳ ስንቁን ለመግዛት ይህንኑ ብር ይዞ መምጣት አስፈልጎታል። በ1935 በአውሮፓ አቆጣጠር ኢጣልያ የመቅረጫውን ማኅተም ከኦስትርያ ተቀብላ በሮም ታስቀርጽ ጀመር። ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብሩክሴልና በቦምቤይ ተቀረጸ፤ በቪየና ደግሞ እስካሁንም ይቀረጻል።

እንግዲህ 1780 የሚለውን አኃዝ አይቶ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በመቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ጠገራ ብር በዚያው ዓመት ስም ስለ ተቀረጸ፣ አብዛኛው ብርቅ አይደለም፤ የሚሸጠውም ውስጡ ካለው ብር ዋጋ ብዙም በማይበልጥ ነው። ብርቅ የሆኑት እቴጌይቱ በሕይወቷ ሳለች የተቀረጹትና ከሞቷ በኋላ ከወጡት መካከል ጥንታውያኑ ናቸው። እነዚህንም ከኋለኞቹ ለመለየት የንስሩን የጅራት ላባ አደራደር፣ የልብሱን ጌጥና የፊደላቱን አጣጣል መመርመር ያስፈልጋል።

የሚያስደንቀው ነገር የቀድሞው የገበያ ሰው ራሱ እንዲህ ያለ መርማሪ መሆኑ ነው። ብር ሲቀበል በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቈጥር፣ የራስ ጌጧንም ያይ ነበር። ዕንቁው ካልታየ ብሩ ከመጠን በላይ ፈግጓልና አይቀበለውም፤ ቢቀበልም ዋጋውን ይቀንሳል። የዛሬው ሰብሳቢ «ያልፈገገ» ብሎ የሚመርጠውን ያኔ ነጋዴው በሌላ ምክንያት ይመርጥ ነበር። የብሩ ክብደት በሚዛንም ላይ አገልግሏል፤ ወቄት የሚባለው መለኪያ በአንድ ጠገራ ብር ክብደት ይተመን ነበር።

ከምኒልክ ብር እስከ ሳንቲም

ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. አዲስ የኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲወጣ ዐወጁ። ገንዘቡም በፓሪስ ተቀርጾ መጣ፤ በመጀመሪያው ላይ ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመት በግእዝ አኃዝ ይነበባል። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው ወገን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሕፈት ያለበት አንበሳ አለ። የብሩ ክብደትና ጥራት ከጠገራ ብር ጋር እጅግ የተቀራረበ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። የብሩ ግማሽ አላድ፣ አራተኛው ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን ይባላል፤ ከሥር ደግሞ ግርሽና ቤሳ አሉ። በአማርኛ ፈጽሞ የደኸየን ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለውም» ማለት ከዚህ የወረደ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ሐዲያና ከምባታ ወደ ምኒልክ መንግሥት ገቡ። ግብሩ ከፊሉ በዓይነትና በጉልበት፣ ከፊሉ በብር ይከፈል ስለ ነበር ብር ለገበሬው አስፈላጊ ሆነ። ይሁን እንጂ አዲሱ የምኒልክ ብር ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም፤ ሁለቱ ጐን ለጐን ይሄዱ ነበር። በምኒልክ ብር ላይም የዓመቱ አኃዝ ብቻውን አይበቃም። በአንዳንዱ አንበሳው የግራ፣ በአንዳንዱ የቀኝ የፊት እግሩን አንሥቷል፤ ሰብሳቢዎች ሁለቱን እንደ ልዩ ልዩ ዓይነት ይቈጥሯቸዋል። ደግሞም ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የማያውቅ የውጭ አገር ገዢ 1887ን እንደ አውሮፓ ዓመት አንብቦ ገንዘቡን ከእውነተኛው ዕድሜው በሰባትና ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የኒኬልና የመዳብ ማቶኛ ወጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ሊሬ ገባ፤ ኢጣልያኖች ከተባረሩ በኋላ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ለጥቂት ዓመታት አገልግሏል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከመቶ ሳንቲሙ ጋር ተተካ። አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ስለ ተመነዘረ፣ ሃምሳ ሳንቲም በሕዝቡ አፍ «ሽልንግ» ተብሎ ቀረ፤ ሃያ አምስት ሳንቲምም «ስሙኒ» ይባላል። የእንግሊዝ ገንዘብ ከገበያ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስሙ በሆሣዕናና በዱራሜ ገበያ መኖሩ ራሱ የታሪክ ቅርስ ነው።

በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የጠገራው ነገር ተደግሟል። የአንድ፣ የአምስት፣ የዐሥርና የሃያ አምስት ሳንቲም መዳብ፣ እንዲሁም የሃምሳ ሳንቲሙ ብር ሁሉ 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት አላቸው፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ስም ለብዙ ጊዜ ተቀርጸዋል። ስለዚህ 1936 ያለበት አንድ ሳንቲም እጅግ ብዙ ነው፤ በማርጀቱም ብቻ ብርቅ አይሆንም። ከመካከላቸው ተለይቶ የሚታየው ጠርዙ ክብ የሆነው ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። ይህ በመጀመሪያ ሲወጣ መጠኑ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ስለ ተመሳሰለ ሁለቱ ያደናግሩ ጀመር። ስለዚህ ክቡ ተሰብስቦ፣ ጠርዙ ገባ ወጣ ብሎ የተቈረጠው በምትኩ ወጣ። ክብ ሆኖ በሕዝብ እጅ የቀረው ጥቂት በመሆኑ ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ገባ ወጣ ያለውን ጠርዝ በሞረድ ክብ አድርጎ ለመሸጥ የሚሞክር ቢኖር፣ ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር አጋጥሞ ማየት ይበቃል፤ የተሞረደው ማነሱ የግድ ነው።

የሰብሳቢ ዋጋ በምን ይተመናል

ከላይ ከተነገረው የሚወጣው የመጀመሪያው ደንብ ዕድሜ ብቻውን ዋጋ እንደማይሆን ነው። ለዚህ በዓለም የታወቀው ምሳሌ የእንግሊዝ ፔኒ ነው። በ1933 በአውሮፓ አቆጣጠር በአገሩ በቂ ፔኒ ስለ ነበረ ለገበያ የሚሆን አልተቀረጸም፤ ለሕንፃ መሠረት ድንጋይና ለመታሰቢያ የሚሆኑ ጥቂቶች ብቻ ተቀረጹ። ዛሬ የሚታወቁት ሰባት ያህል ናቸው፤ ስለዚህ ይህ ተራ የመዳብ ገንዘብ ብዙ መቶ ዓመት ከቈየ የሮም ገንዘብ ይልቅ እጅግ ውድ ሆነ። ከ1933ቱ በፊት የተቀረጹ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ፔኒዎች ግን በዕድሜ ቢበልጡትም ይህ ነው የሚባል ዋጋ የላቸውም።

ሁለተኛው ደንብ ሁኔታ ነው። ምስሉ ያልፈገገ፣ ያልተቧጠጠና ያልተበሳ ገንዘብ ከፈገገው ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ሦስተኛው ፈላጊ መኖሩ ነው፤ አንድ ገንዘብ ብርቅ ሆኖ ሳለ የሚሰበስበው ሰው ከሌለ ዋጋው ዝቅተኛ ይሆናል። አራተኛው እውነተኛነቱ ነው። የጠገራና የምኒልክ ብር አምሳያ ከርካሽ ማዕድን ተሠርቶ ለመንገደኛ ይሸጣል። ይህን ለመለየት ክብደቱን በሚዛን ማየት፣ ማግኔት ማስጠጋት (ብር በማግኔት አይሳብምና)፣ በድንጋይ ላይ ሲጣል የሚሰጠውን ድምፅ መስማትና የጠርዙን ጽሕፈት መመርመር ይረዳል። በጠገራው ጠርዝ ላይ ጽሕፈቱ ከሌለ ወይም ከደበዘዘ ጥርጣሬ ማሳደር ይገባል።

እነዚህ ደንቦች ካልታወቁ ባለቤቱ በሁለት ወገን ይጐዳል። በአንድ ወገን ማናቸውም አሮጌ ሳንቲም በውጭ አገር ሀብት ያስገኛል የሚለውን ወሬ ሰምቶ በከንቱ ተስፋ ይኖራል፤ ወይም ለአሻሻጭ ነኝ ባይ አስቀድሞ ገንዘብ ይከፍላል። በሌላው ወገን በእርግጥ ብርቅ የሆነውን ሳያውቅ በብሩ ክብደት ለአንጥረኛ ይሸጠዋል።

የቀዳዳው ምስክርነት

እስካሁን የተነገረው የሰብሳቢ ሕግ ነው። የባህል ጥናት ሕግ ግን ከዚህ ይለያል፤ ልዩነቱም ከሁሉ ይልቅ በተበሳው ብር ላይ ይታያል። በኢትዮጵያ በብዙ ስፍራ ጠገራ ብር ተበስቶ ወይም የማንጠልጠያ ጆሮ ተበይዶለት በድሪ ላይ ይታሰር፣ በአንገትም ይንጠለጠል ነበር። ሰብሳቢው እንዲህ ያለውን ብር «የተበላሸ» ብሎ ይንቀዋል። ለባህል ተመራማሪ ግን ቀዳዳው ብሩ ከገበያ ወጥቶ ወደ ጌጥነት የተሸጋገረበት ምልክት ነው።

ቀዳዳው የሚናገረውም ብዙ ነው። ከምስሉ ራስ በላይ ቢሆን ያስበሳው ሰው ምስሉ ቀጥ ብሎ እንዲታይ ማሰቡን ያሳያል። ከጠርዙ ወጣ ገባ ሳይል ተስተካክሎ ቢበሳ የአንጥረኛ እጅ እንዳለበት፣ በሚስማር ተመትቶ ቢሆን በቤት እንደ ተሠራ ይገመታል። ከሁለቱ ገጽ አንዱ አብልጦ ቢፈገግ በየትኛው ወገን ከደረት ጋር ይተሻሽ እንደ ነበር ያመለክታል። የቀዳዳው አፍ በክር ተበልቶ ቢሰፋ ለረጅም ዘመን መታሰሩን ይመሰክራል። ይህን ሁሉ ምንም ያልተነካ አዲስ ብር ሊናገር አይችልም።

በምድር ተቀብሮ የሚገኝ ገንዘብም እንዲሁ ነው። በሽፍታና በጦርነት ዘመን ብርን በገንቦ አድርጎ መቅበር የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለ ክምችት ሲገኝ ዋጋው በእያንዳንዱ ብር ሳይሆን በአንድነቱ ነው። በአንድ ገንቦ ውስጥ ጠገራ፣ የምኒልክ ብርና በሮም የተቀረጸ ጠገራ አብረው ቢገኙ፣ ክምችቱ የተቀበረው ከ1927 ዓ.ም. ወዲህ መሆኑ ይታወቃል፤ የሮሙ ብር ከዚያ በፊት አልነበረምና። ክምችቱ ተበትኖ ለልዩ ልዩ ገዢ ከተሸጠ ግን ይህ ማስረጃ ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ብር ቢኖርም ዳግመኛ ሊሰበሰብ አይችልም።

ማስረጃው እንዴት ይጠፋል፣ እንዴትስ ይጠበቃል

ገንዘቡ የሚጠፋበት ዋናው መንገድ ማቅለጥ ነው። ጠገራ ብር አምባር፣ ቀለበት፣ አልቦና መስቀል ሆኗል፤ ይህ ራሱ የአገሩ የአንጥረኛነት ታሪክ ክፍል ነው፤ ዛሬ ግን የቀረው ጥቂት በመሆኑ ጉዳቱ ይበልጣል። ሁለተኛው መንገድ ማጽዳት ነው። ብሩ እንዲያበራ በአመድ ወይም በአሸዋ ማሸት በዘመን ብዛት የለበሰውን ጥቁረት ይገፈዋል፤ ከጥቁረቱ ጋርም የላይኛውን የምስል ገጽ ያነሣል። የታጠበ ብር ለዓይን ቢያምርም በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወርዳል፤ ለመርማሪም የፍግፈጋውን ምልክት ያጠፋበታል። ሦስተኛው ከየት እንደ መጣ ሳይጻፍ መሸጡ ነው።

ዛሬ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለ ሄዱ የውጭ አገር ሳንቲም ከአያት ብር ጋር በአንድ ሣጥን ሊቀላቀል ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት ሳሉ የትኛው ከማን እንደ ተወረሰ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለምዝገባው የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። የገንዘቡ ክብደት በግራም፣ ስፋቱ በሚሊሜትር፣ የሁለቱም ገጽና የጠርዙ ፎቶግራፍ፣ የቀዳዳው ቦታና የታሰረበት ክር ዓይነት ይጻፋል። ከዚያም በሐዲይሳ ወይም በከምባትሳ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ከማን እንደ ተወረሰና በምን ጊዜ ይታሰር ወይም ይሰጥ እንደ ነበር ባለቤቱ በሚናገረው ቃል ይመዘገባል። በሆሣዕና የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን በየቤታቸውና በየቀበሌያቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ነው፤ ገንዘቡም ከባለቤቱ እጅ መውጣት አያስፈልገውም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ወደ ውጭ አገር ልሸጥ የሚል ሰው አስቀድሞ ሕጉን መጠየቅ ይገባዋል።

በመጨረሻም ሦስቱን ዋጋዎች አንዱን ከሌላው ሳያደባልቁ መያዝ ያሻል። የማዕድኑን ዋጋ ሚዛን ይነግራል፤ የሰብሳቢውን ዋጋ የተቀረጸው ብዛት፣ ሁኔታውና ፈላጊው ይወስኑታል። ሁለቱም ዛሬ ቢታጡ ነገ ሊገኙ ይችላሉ፤ የብር ዋጋ ይወጣል ይወርዳልና። የምስክርነቱ ዋጋ ግን በገንዘቡና በሚያውቀው ሰው መካከል ያለ ስለ ሆነ፣ አንደኛው ሲሄድ ሌላው ዝም ይላል። የተበሳ፣ የፈገገና ማንም ሰብሳቢ የማይገዛው ጠገራ ብር ባለቤቷ ከእናቷ እንዴት እንደ ተቀበለችው ከተጻፈለት፣ ያ ብር ስለ ሐዲያና ስለ ከምባታ ኑሮ በመስታወት ሣጥን ካለው ያልተነካ ብር የበለጠ ይናገራል።